ማርታ ከየት ሰማችው? ከክርስትና በፊት በአይሁድ ዘንድ የነበረው የሙታን ትንሣኤ

አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖታል። እኅቱ ማርታ ኢየሱስን መንገድ ላይ ተቀብላ "አንተ እዚህ ብትኖር ወንድሜ ባልሞተ ነበር" ትለዋለች፤ ልቅሶም ወቀሳም ነው። እሱም "ወንድምሽ ይነሣል" ይላታል። የመለሰችለትን ብዙዎቻችን ሳናስተውለው እናልፋለን፦ "በመጨረሻው ቀን በትንሣኤ እንዲነሣ አውቃለሁ" (ዮሐ. 11፥24)። "አውቃለሁ" ነው ያለችው። አነጋገሯ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ሲደጋግምላት የሰነበተውን ማጽናኛ አሁን ደግሞ ከእሱ የሰማች ሰው አነጋገር ነው። ስቅለት ገና አልደረሰም፤ ባዶ መቃብር የለም፤ "ክርስቲያን" የሚለው ስም እንኳ ገና አልተሰማም።

ታዲያ የቢታንያዋ ሴት ይህን ከየት ሰማችው? ከሙሴ ሕግ ነው እንዳንል፣ አምስቱን የኦሪት መጻሕፍት ከዳር እስከ ዳር ብናገላብጥ "ሙታን ይነሣሉ" የሚል ግልጽ ቃል አናገኝም። በዚያው በማርታ ዘመን፣ ከቢታንያ በእግር አንድ ሰዓት በማይሞላው ኢየሩሳሌም ውስጥ ትንሣኤ የሚባል ነገር የለም የሚሉ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ተራ ተጠራጣሪዎች ሳይሆኑ የቤተ መቅደሱ ታላላቅ ካህናት ናቸው።

ሁሉም የሚወርድበት ሲኦል

ነገሩን ለመረዳት መጀመሪያ የራሳችንን ቃል መጠርጠር አለብን። በአማርኛ "ሲኦል" ሲባል የሚታየን የኃጥኣን መቀጫ ነው። የዕብራይስጡ "ሼኦል" ግን ጻድቅና ኃጥእ፣ ንጉሥና ባሪያ ሳይለይ የሞተ ሁሉ የሚወርድበት ጨለማና ዝምታ የሞላበት ስፍራ ነበር። ያዕቆብ ዮሴፍ የሞተ መስሎት ሲያለቅስ "ወደ ልጄ ወደ ሼኦል እወርዳለሁ" ማለቱ የሚወደውን ልጁን ገሃነም ገባ ማለቱ አይደለም። ነቢዩ ሳሙኤልም ቢሆን በዓይንዶሯ ሴት ሲጠራ የወጣው ከታች ከምድር ነው፤ ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሽማግሌ ሳኦልን "ለምን አወክኸኝ?" ብሎ ይቆጣዋል።

በሼኦል ቅጣት የለም፤ ሽልማትም የለም። መዝሙረኛው "በሲኦልስ የሚያመሰግንህ ማን ነው?" ብሎ ፈጣሪውን ይሞግታል፤ እኔ ብሞት አንተም አመስጋኝ ታጣለህ ነው ነገሩ። መክብብ ሙታን አንዳች አያውቁም ይላል። ኢዮብ ደግሞ በዛፍ ይቀናል፤ ዛፍ ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ሰው ግን ከተኛ አይነሣም ብሎ።

"ነፍስ" የሚለው ቃልም እንዲሁ ያሳስተናል። አዳም ሲፈጠር በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ "ሰውም ሕያው ነፍስ ያለው ሆነ" ይላል። ዕብራይስጡ ግን "ያለው" አይልም፤ ሰው ራሱ "ሕያው ነፌሽ" ሆነ ነው የሚለው። በዚያ አስተሳሰብ ነፍስ በሥጋ ውስጥ እንደ እንግዳ ገብታ የምትኖር፣ ሲሞት ደግሞ ጓዟን ጠቅልላ የምትሄድ ነገር አይደለችም። ስለዚህ የጥንቱ እስራኤላዊ ከሞት በኋላ ሕይወትን ቢመኝ ነፍሱ በርራ እንድትሄድለት ሳይሆን ሙሉ ሰው ሆኖ እንዲነሣ ነበር መመኘት ያለበት። የኋላው እምነት በሥጋ ትንሣኤ ላይ የጠነከረበት አንዱ ሥር እዚህ ነው።

ብዙ ሰው ግን ለረጅም ጊዜ አልተመኘም። ምክንያቱም መልካም ሞት የሚባል ነገር ነበር፦ ዕድሜ ጠግቦ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ ከአባቶች ጋር መቀበር። አብርሃም ሲሞት "ወደ ወገኖቹ ተከማቸ" ይባላል። ይህ አነጋገር ከአቀባበሩ ጋር ይገጥማል። በንጉሦቹ ዘመን የነበሩ የይሁዳ የድንጋይ መቃብሮች፣ ለምሳሌ በኢየሩሳሌም ኬቴፍ ሂኖም የተገኙት፣ ሬሳ የሚጋደምበት መደብና በስሩ የአጥንት ማከማቻ ጉድጓድ አላቸው። ሥጋው ሲበሰብስ አጥንቱ ተሰብስቦ ከአያት ከቅድመ አያት አጥንት ጋር ይቀላቀላል። ቃል በቃል መከማቸት ነው። የሞተው ሰው በልጆቹና በርስቱ ይኖራል፤ ከዚያ በላይ እግዚአብሔር ያለበት ዕዳ የለም።

የደረቁ አጥንቶች ሸለቆ

ኤልያስ የሰራፕታዋን መበለት ልጅ፣ ኤልሳዕ የሱነማዊቷን ልጅ አስነሥተዋል፤ በኤልሳዕ አጥንት ላይ የተጣለ ሬሳም ቆሟል። ግን እነዚህ ሁሉ ቆየት ብለው እንደገና ሞተዋል፤ አልዓዛርም እንዲሁ። ማርታ "በመጨረሻው ቀን" ያለችው ከዚህ ይለያል፤ ዳግመኛ ላይሞቱ መነሣት ነው።

ለዚያ ሥዕል የሰጠው ሕዝቅኤል ነው። ሕዝቅኤል በ597 ከክርስቶስ ልደት በፊት (ከዚህ በኋላ ከክ.ል.በ.) ወደ ባቢሎን ከተጋዙት አንዱ ነበር፤ ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ኢየሩሳሌም ስትቃጠል ወሬው የደረሰው እዚያው ስደት ላይ ሆኖ ነው። በራእዩ ሸለቆ ሙሉ አጥንት ያያል፤ አጥንት ከአጥንት ጋር እየተንኳኳ ይገጣጠማል፣ ጅማት ይለብሳል፣ ሥጋ ይወጣበታል፣ ቆዳ ይሸፍነዋል፣ በመጨረሻም እስትንፋስ ይገባበታል። ነገር ግን ትርጓሜውን መጽሐፉ ራሱ ይነግረናል፦ "እነዚህ አጥንቶች የእስራኤል ቤት ሁሉ ናቸው"። ስደተኞቹ "አጥንታችን ደረቀ፣ ተስፋችን ጠፋ" ብለው ነበር፤ ነቢዩ ያንኑ አነጋገራቸውን ወስዶ መለሰላቸው። የሚነሣው ሕዝቡ ነው፤ መነሣቱም ወደ አገሩ መመለሱ ነው። ቀደም ሲል ሆሴዕም "በሦስተኛው ቀን ያስነሣናል" ሲል ስለ ቆሰለ ሕዝብ ነበር የተናገረው።

ይህን የመሰለ ሥዕል ግን በሰው አእምሮ ከተቀረጸ ወዲያ በመጀመሪያ ትርጉሙ አይወሰንም። በሙት ባሕር አጠገብ ከቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ብራናዎች መካከል የሕዝቅኤልን ራእይ እንደገና የሚተርክ ጽሑፍ አለ። እዚያ ነቢዩ የሚጠይቀው ስለ አገር መመለስ ሳይሆን እግዚአብሔርን የወደዱ ሰዎች ዋጋቸውን መቼና እንዴት እንደሚያገኙ ነው፤ መልሱም የአጥንቶቹ ራእይ ነው። ይህ ጽሑፍ ከክርስትና በፊት የተጻፈ ነው። ምሳሌው ተስፋ ሆነ ማለት ነው። በማሳዳ አምባም፣ በ73 እ.ኤ.አ. ገደማ ሮማውያን በያዙት የመጨረሻ ምሽግ፣ ከምኵራቡ ወለል ስር የተቀበረ የሕዝቅኤል ጥቅልል ቁራጭ ተገኝቷል፤ ከተረፉት ምዕራፎች አንዱ ይኸው 37ኛው ነው።

በኢሳይያስ ምዕራፍ 26 "ሙታንህ ሕያዋን ይሆናሉ፥ ሬሳዎችም ይነሣሉ" የሚል ቃል አለ። ይህ የሕዝብ ነው የግለሰብ? ተመራማሪዎች ዛሬም አልተስማሙም።

በግዕዝ የተረፈው ምስክር

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ከሌላው ይልቅ ለነገሩ ይቀርባል። ምክንያቱም ለዚህ ታሪክ ቁልፍ የሆነው መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ እስኪያደርስ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት መጽሐፉን የሚያውቁት በቁርጥራጭ ነበር። ያኔም ቢሆን ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ብዙ ተከራክረውበታል። ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቁምራን አራተኛ ዋሻ የአረማይስጡ ብጥስጣሽ ሲገኝ ግን ክርክሩ ተዘጋ፤ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል አይሁድ በግሪክ ገዦቻቸው ላይ ካመፁበት ከመቃብያን ጦርነት በፊት፣ ምናልባትም በ3ኛው መቶ ዘመን ከክ.ል.በ. የተጻፈ ነው።

በምሁራን አቆጣጠር ምዕራፍ 22 ላይ ሄኖክ ወደ ምዕራብ ተወስዶ አንድ ታላቅ ተራራ ያያል፤ በተራራው ውስጥ ጥልቅና ለስላሳ ጉድጓዶች አሉ። የሙታን መናፍስት እስከ ፍርድ ቀን ድረስ ተለያይተው የሚቆዩበት ነው። የጻድቃኑ ብርሃንና የውኃ ምንጭ አለው። በሕይወታቸው ሳይቀጡ ተደላድለው የሞቱ ኃጥኣን ለብቻቸው ተለይተዋል። በግፍ የተገደሉት እየጮኹ የሚከሱበትም ስፍራ አለ፤ የአቤል መንፈስ እዚያ ሆኖ በቃየል ላይ አቤት ይላል። አንደኛው ክፍል ውስጥ ያሉት ደግሞ በፍርድ ቀን ከዚያ "አይነሡም" ይባላል፤ እንግዲያው ሌሎቹ ይነሣሉ ማለት ነው።

የድሮው ሼኦል አዲስ ሥራ ያዘ። የሁሉም የመጨረሻ ማረፊያ መሆኑ ቀርቶ ባለጉዳዮች ተራቸውን የሚጠብቁበት የፍርድ ቤት ግቢ መሰለ። እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ጥያቄው "ስሞት የት እሄዳለሁ?" ከሚለው ይልቅ "በግፍ ለሞተው ማን ይፈርድለታል?" የሚል ሆኗል።

ሕግ መጠበቅ ሲገድል

በ180 ከክ.ል.በ. ገደማ በኢየሩሳሌም የጻፈው ሲራክ ይህን ሁሉ የሰማ አይመስልም፤ ሰምቶም ከሆነ ንቆታል። ለቀስተኛን ሲመክር ልቅሶህን በልክ አድርግ፣ የሞተ አይመለስም ይላል። አሥር ዓመት ኑር ሺህ ዓመት፣ በሙታን አገር የሚጠይቅህ የለም። ሰው የሚተርፈው በስሙና በልጁ ነው። የረጋ፣ የተማረ፣ የጠገበ ሰው ንግግር ነው።

ያ እርጋታ 15 ዓመት እንኳ አልቆየም። ሶርያን የሚገዛው የግሪኮች ንጉሥ አንጥያኮስ አራተኛ በ167 ከክ.ል.በ. የአይሁድን ሕግ በአዋጅ ከለከለ። ሰንበት ማክበር፣ ልጅ መግረዝ፣ የኦሪት መጽሐፍ ይዞ መገኘት በሞት የሚያስቀጣ ሆነ። በቤተ መቅደሱ መሠዊያ ላይ የጣዖት መሥዋዕት ቀረበ። ልጆቻቸውን ያስገረዙ እናቶች ሕፃናቱ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥለው ተገደሉ።

የኦሪት ዘዳግም ውል ግልጽ ነበር፦ ሕጉን ጠብቅ፣ ዕድሜህ ይረዝማል፤ ሕጉን ተው፣ ትጠፋለህ። አሁን ተገላበጠ። ሕጉን የጠበቀ ሞተ፤ የአሳማ ሥጋ የበላ ተርፎ ሹመቱን ያዘ። ለተገደለው ሕፃን "በልጆቹ ይኖራል" አይባልለትም። እንግዲህ ሁለት መንገድ ብቻ ቀረ፦ ወይ እግዚአብሔር ቃሉን አልጠበቀም ማለት፣ ወይ ሒሳቡ ከሞት ወዲያ ይወራረዳል ማለት።

የዳንኤል መጽሐፍ ሁለተኛውን ያዘ፦ "በምድርም ትቢያ ውስጥ ካንቀላፉቱ ብዙዎች ይነቃሉ፤ እኵሌቶቹ ወደ ዘላለም ሕይወት፥ እኵሌቶቹም ወደ እፍረትና ወደ ዘላለም ጕስቍልና" (12፥2)። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የግለሰብን ትንሣኤ ያለ ጥርጥር የሚናገር ጥቅስ ይህ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት መጽሐፉን ለባቢሎኑ ዳንኤል ይሰጣል፤ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ግን የመጨረሻ ቅርጹን የያዘው በዚሁ በስደቱ ዘመን፣ ከ167 እስከ 164 ከክ.ል.በ. ባለው ጊዜ ነው ይላሉ። የቱንም ብንይዝ "ብዙዎች" የሚለውን ቃል ልብ እንበል። "ሁሉም" አላለም። የሚነሡት ፋይላቸው ያልተዘጋው ናቸው፦ ታምነው የታረዱትና ከድተው በአልጋቸው የሞቱት። በሰላም ኖሮ በሰላም ስለሞተ ገበሬ ጥቅሱ ምንም አይልም።

ከዚህ ሁሉ ሥጋ የለበሰው ግን በግሪክ የተጻፈው ሁለተኛ መቃብያን ነው። (በሀገራችን የሚታወቁት ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ጺሩጻይዳን ስለሚባል ንጉሥ የሚተርኩ ናቸው፤ እነሱም ስለ ትንሣኤ አጥብቀው ይከራከራሉ፤ ከግሪኩ ጋር ግን ስማቸው እንጂ ታሪካቸው አይገጥምም።) በምዕራፍ 7 ሰባት ወንድማማቾች ከእናታቸው ጋር የአሳማ ሥጋ አንበላም ብለው በተራ ይገደላሉ። ሦስተኛው ልጅ ምላሱን ሲሉት ምላሱን አወጣ፤ እጆቹንም ዘረጋ። እነዚህን ከሰማይ ተቀበልኳቸው፣ ስለ ሕጉ እንቃቸዋለሁ፣ ከእሱም ዘንድ መልሼ አገኛቸዋለሁ አለ። ራዚስ የተባለ ሽማግሌ ደግሞ በጠላት እጅ ከመውደቅ ብሎ ራሱን ወጋ፤ አንጀቱን በሁለት እጁ እየወረወረ ይህን መልስልኝ ብሎ ወደ ፈጣሪው ጮኸ። ገላጭነቱ ይሰቀጥጣል። ደራሲው ግን የሚለው ግልጽ ነው፦ የተቆረጠው እጅ ይመለስ፣ የተዘረገፈው አንጀት ይመለስ። ግፉ የተፈጸመው በሥጋ ላይ ስለሆነ ፍርዱም በሥጋ ይሁን።

በዚሁ መጽሐፍ የአመፁ መሪ ይሁዳ መቃብዩ ጦር ሜዳ ለወደቁ ወታደሮቹ የኃጢአት መሥዋዕት እንዲቀርብ 2,000 ድራክማ አዋጥቶ ወደ ኢየሩሳሌም ይልካል። ደራሲውም ሙታን ይነሣሉ ብሎ ባያምን ኖሮ ስለ ሙታን መጸለይ ከንቱ በሆነ ነበር ይላል። ተዝካር ለሚያወጣ ሕዝብ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይሆንበትም።

አንድ ሃይማኖት፣ ብዙ መልስ

ከዚያ ወዲያ ሁሉም አንድ ቃል ሆነ ብንል እንሳሳታለን። በዚያው ዘመን የተጻፈውና እንደ ሄኖክ ሙሉው በግዕዝ የተረፈው፣ በኦርቶዶክሱም በቤተ እስራኤሉም ዘንድ የሚከበረው መጽሐፈ ኩፋሌ ስለ ጻድቃን ሲናገር አጥንታቸው በምድር ያርፋል፣ መንፈሳቸው ግን እጅግ ደስ ይላታል ይላል። አጥንቱ አይነሣም ማለት ነው። በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው መጽሐፈ ጥበብ ደግሞ "የጻድቃን ነፍስ በእግዚአብሔር እጅ ናት" ብሎ ወደ ነፍስ አለመሞት ያደላል፤ የግሪክ ፍልስፍና ሽታ አለበት። የቁምራን አንድ ብራና እግዚአብሔር ቁስለኞችን ሲፈውስ፣ ሙታንን ሕያው ሲያደርግ፣ ለድሆች የምሥራች ሲናገር ያሳያል፤ ወንጌልን ለሚያውቅ ሰው ጆሮ ይህ ዝርዝር ያቃጭላል።

ከፋርስ የተወሰደ ነው የሚሉም አሉ። አይሁድ ከ539 ከክ.ል.በ. ጀምሮ 200 ዓመት ያህል በፋርስ ግዛት ስር ኖረዋል፤ የዞራስተር ተከታዮችም ሙታን ይነሣሉ ይላሉ። ይሁንና እምነቱን በዝርዝር የያዙት የፋርስ መጻሕፍት በአሁኑ መልካቸው የተጻፉት ከእስልምና መነሣት በኋላ ነው። ተጽዕኖው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ተስፋው የፋመው በፋርስ ዘመን ሳይሆን በአንጥያኮስ ሰይፍ ስር መሆኑ ለእኔ የበለጠ ይመዝናል።

በኢየሱስ ዘመን ትንሣኤን ለሕዝብ ያስተማሩት ፈሪሳውያን ነበሩ። ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን የምንለው ሳይሆን በ1ኛው መቶ ዘመን የነበረው ፍላቪዩስ ዮሴፍ እንደሚነግረን፣ ሰዱቃውያን ነፍስ ከሥጋ ጋር ትጠፋለች ይሉ ነበር። እነሱ የቤተ መቅደሱ ባላባቶች ናቸው፤ በሙሴ ሕግ በግልጽ ያልተጻፈ አይገዛንም ባዮች። ለኢየሱስ ያቀረቡት እንቆቅልሽ፣ ሰባት ወንድማማቾች በየተራ ያገቧት ሴት በትንሣኤ የማን ሚስት ትሆናለች የሚለው፣ ማላገጫ ነው። መልሱን ያየ ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል፦ ኢየሱስ ግልጹን የዳንኤልን ጥቅስ አይጠራም። ከኦሪት ዘጸአት "እኔ የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅም አምላክ፣ የያዕቆብም አምላክ ነኝ" የሚለውን ይወስዳል። ሰዱቃዊን በነቢያት መርታት አይቻልም፤ በሙሴ ነው እንጂ። ጳውሎስም በሸንጎ ፊት "ስለ ሙታን ትንሣኤ ይፈረድብኛል" ብሎ ሲጮኽ ጉባኤው ለሁለት ተከፍሎ ፈሪሳውያኑ ከጎኑ ቆመዋል (ሐዋ. 23)።

ቤተ መቅደሱ በ70 እ.ኤ.አ. ሲፈርስ ሰዱቃውያንም አብረው ከታሪክ ጠፉ። የፈሪሳውያን ወራሾች የሆኑት ረበናት፣ ማለትም የአይሁድ መምህራን፣ በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ ባጠናቀሩት የሕግ መጽሐፍ በሚሽና ትንሣኤ ሙታን የለም የሚል ሰው በሚመጣው ዓለም ዕድል ፈንታ የለውም ብለው ደነገጉ። አይሁድ በየዕለቱ ቆመው በሚጸልዩት ጸሎት ሁለተኛው ቡራኬም ስለዚሁ ነው፤ "ተሒያት ሃሜቲም" ይሉታል። ለግዕዝ ጆሮ ትርጉም አያሻውም፤ ሕይወትና ሞት በውስጡ ይሰማሉ።

በመጻሕፍት ክርክሩ ይህን ይመስላል። መቃብር ሲከፈት ግን ነገሩ ይደባለቃል። ከሄሮድስ ዘመን እስከ ቤተ መቅደሱ መፍረስ ድረስ የኢየሩሳሌም ባለጸጎች ሬሳ በተቀበረ በዓመቱ አጥንቱን ለቅመው በትንሽ የድንጋይ ሣጥን ያኖሩ ነበር። አንዳንዶች ይህን የትንሣኤ እምነት ምልክት ነው ይላሉ፤ አጥንቱ ከሌላው ሳይቀላቀል ለባለቤቱ እንዲጠበቅለት። በኅዳር 1990 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ መንገድ ሲሠራ አንድ ዋሻ ተደረመሰና እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ተገኙ። አንደኛው፣ ያማረው፣ "ዮሴፍ የቀያፋ ልጅ" የሚል ጽሑፍ አለው፤ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ኢየሱስን የመረመረው ሊቀ ካህናት ነው ይላሉ። የሊቀ ካህናቱ ወገን ደግሞ ሰዱቃዊ ነው (ሐዋ. 5፥17)፤ ትንሣኤ የለም የሚለው ቤት አጥንቱን እንዲህ በጥንቃቄ ለቅሟል። በዚያው ዋሻ "ማርያም የስምዖን ልጅ" ተብሎ በተጻፈበት ሌላ ሣጥን ውስጥ ደግሞ የራስ ቅል ተገኘ። በራስ ቅሉ ውስጥ አንድ የንጉሥ አግሪጳ የነሐስ ሳንቲም አለ። ግሪኮች የሙታንን ወንዝ የሚያሻግረው ባለጀልባ ዋጋውን እንዳያጣ ብለው በሟች አፍ የሚያኖሩት ዓይነት።